ጥቁር የምለብስበት ቅዳሜ

ይድረስ ለማከብርዎ ለባለቤቴ እናት፤

እማማ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? የደብረ ብርሃን ክረምት ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? እኛ በሰው አገር ሁላችን ደኅና ነን። ልጅዎ ወንድይራድ ወገቡን ጥቂት ያመዋል፤ ትራሙን መንዳት ግን አልተወም። የልጅ ልጅዎ ቢታንያ ቁመቷ እኔን አልፏል።

ለፋሲካ ወደ እርስዎ መጥታ በነበረችው በስመኝ እጅ የላኩልኝ ነጭ ነጠላ ደርሶኛል። መልእክትዎም ደርሶኛል። ሦስት ዓመት ይበቃል፣ ከሉን አውልቂ፣ ልጄ በገዛ ቤቱ ጥቁር እያየ አይኑር ብለዋል። አልተቀየምኩም። መልስ ያዘገየሁት የምመልሰውን ስላላወቅኩ ነው።

ሆንክባል የሚሉትን፣ ኳስ በዱላ መትቶ የመሮጥ ጨዋታ እቤታችን ያስገባው ሊባኖሳችን መሆኑን ያውቃሉ። ጭምብል አጥልቆ ቁጢጥ ያለበትን ፎቶ ያዩ ጊዜ፣ ይሄ ልጅ ደግሞ ማንን ነው የሚጠብቀው ብለው ሲስቁ በስልክ ሰምቼዎታለሁ። መጀመሪያ ወንድይራድ ኳስ በዱላ የሚመታው ገና ነው እንዴ እያለ ያሾፍበት ነበር። በዓመቱ ከሜዳው ዳር ከሁሉም በላይ የሚጮኸው እሱ ሆነ። እኔን ያስተማረኝ ሊባኖስ ነው፣ እዚሁ ኩሽና ውስጥ፣ ትሪ ላይ ሽንብራውን ሯጭ፣ ምስሩን ጠባቂ እያደረገ። ተሳስቼ አንድ ሽንብራ ካነሳሁ፣ እማ፣ እሱኮ አልወጣም፣ መልሺው ይለኝ ነበር።

እሱ ካረፈ በኋላ ቢታንያ እዚያው ክለብ ገባች። ወንድይራድ ግን ወደ ሜዳው አይገባም። በር ላይ ያወርደንና መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። እቤትም ስሙን አንጠራም ነበር። ማን ከለከለን? ማንም። አንዳችን ብንጀምር ሌላው እንዳይሰበር እየፈራን ዝም እንዳልን ቀረን። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁጢጥ ብሎ ኳስ ከሚይዘው ከተቀባዩ ጀርባ፣ ከሽቦ አጥሩ ኋላ እቆማለሁ። የሊባኖስ ቦታ ስለነበረ ነው።

በግንቦት ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ዴን ሃኽ ከሚሉት ከተማ ቡድን መጣ። የተመደበው ዳኛ ቀረ። ልጆቹ ብርድ ላይ ቆመው ሲጠብቁ የእንግዶቹ አሠልጣኝ፣ ሆዱ የሚቀድመው ትልቅ ሰውዬ፣ ጭምብልና የደረት መከላከያ ይዞ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ሜቭራው፣ እመቤት ማለታቸው ነው፣ እርስዎን ነው እኮ የምንጠብቀው አለኝ። እዚህ ዳኞች ጥቁር ነው የሚለብሱት፤ እኔ ደግሞ ከሻሼ እስከ ጫማዬ ጥቁር ነኝ። ኧረ እኔ እናት ነኝ አልኩት። እናት መሆን አይከለክልም አለና ጭምብሉን እጄ ላይ ጣለው።

እማማ፣ እምቢ ለማለትም እኮ ድምፅ ያስፈልጋል። ጭምብሉን ሳጠልቀው የልጅ ላብ ሸተተኝ። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ መልሼ ልሰጠው አልቻልኩም።

የመጀመሪያዎቹን ኳሶች ስፈርድ ማንም አልሰማኝ። የዴን ሃኽ ልጆች፣ ሜቭራው፣ ለራስዎ ነው የሚነግሩት ብለው ሳቁብኝ። በኋላ ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ መኪናዎቹ የቆሙበት ድረስ ይሰማ ነበር አሉ።

መጨረሻ ላይ እኩል ሆነው ሳለ ቢታንያ ሮጠች። ቤት ወደሚሉት ነጭ ሰሌዳ በደረቷ ተንሸራታ ስትገባ፣ አሸዋው ሳይረጋ የተቀባዩ እጅ ትከሻዋን ነካት። ሁሉም እኔን አየ። ኡይት አልኩ፤ ሰሌዳውን ሳትነኪ ተነክተሽ ወጥተሻል ማለት ነው። በሚቀጥለው ዙር የእኛ ልጆች ተሸነፉ። ቢታንያ አሸዋውን ከአፏ እየተፋች፣ ዓይንሽን የት አድርገሽው ነው ማማ አለችኝ። አሠልጣኙ ሰውዬ ማማ ስትል ሰምቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

ማታ ራት ስናቀርብ ሳህኗን ገፋችው። ዳኛ ካለበት ቤት አልበላም አለች። ወንድይራድ አቀርቅሮ እየጎረሰ፣ እጇ ቀድሞ ሰሌዳውን ነክቷል፣ በደንብ አይቻለሁ አለ። ከየት ሆነህ ነው ያየኸው አልኩት። ከሽቦው ኋላ አለ። ያልኩት ያየሁትን ነው አልኩ። እንጀራውን እየቆረሰ፣ ሊባኖስ ቢሆን ገብታለች ይል ነበር አለ።

ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ። ማንም ማንንም አላየም። ከዚያ ቢታንያ፣ ሊባኖስማ ባልሮጥም ገብታለች ይላል አለች።

ሳቅን፣ እማማ። ወንድይራድ ዓይኑን እየጠረገ ተነሥቶ ትሪውንና ሽንብራውን አመጣ። ገብታለች አልገባችም ስንባባል ወጡ በረደ። ያን ማታ ስሙን ስንት ጊዜ እንደጠራነው እንጃ።

ከዚያ ወዲህ አምስተርዳም ሄጄ የዳኝነቱን ትምህርት ተማርኩ፤ አለፍኩም። ወንድይራድ አሁን ከሽቦው ኋላ ቆሞ በእኔ ላይ ይጮኻል። እንግዲህ ከሉን አውልቄያለሁ ልበልዎ ወይስ አላወለቅኩም? እሑድ ቤተ ክርስቲያን የላኩልኝን ነጠላ ለብሼ እሄዳለሁ። በሌላው ቀን ያገኘሁትን ቀለም እለብሳለሁ። ቅዳሜ ግን ጥቁር ነኝ። ስመለስ አውልቄ ከሊባኖስ ጭምብል አጠገብ እሰቅለዋለሁ።

ስመኝ ከእርስዎ ጋር በራፍዎ ላይ የተነሣችውን ፎቶ አሳይታኛለች። ለፋሲካ ምን ለብሰው እንደቆሙ አየሁ። እርስዎም እንደ እኔው ከሻሽዎ እስከ ጫማዎ ጥቁር ነበሩ።

ይህን ደብዳቤ ለመስቀል ስትመጣ እሷው ታደርስልዎታለች። አብሮት ከሮተርዳም የገዛሁት ነጭ ነጠላ አለ። ጥለቱን ከላኩልኝ ጋር አስተያይቼ ነው የመረጥኩት። ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳያስቀምጡብኝ። ስመኝ ሌላ ፎቶ እንድታነሣዎት ነግሬያታለሁ፤ ወንድይራድና ቢታንያም እየጠበቁ ነው።

ያሳደጓቸውን ሁሉ በጤና ያቆይልዎ፤ የቀደመንንም ልጅ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ምራትዎ