ደረሰኝ ስለሌለው ጓሯችን ለአረንጓዴ ልማት ኃላፊው የተጻፈ

ለተከበሩ የአካባቢያችን የውበትና አረንጓዴ ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለወንበርዎና ከወንበርዎ ጀርባ ለተሰቀለው የጥቅጥቅ ደን ሥዕል ጤንነትን እመኛለሁ። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ስመዘግብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ከጽሕፈት ቤትዎ በአራት ወር ውስጥ ሦስት ደብዳቤ ደርሶኝ ለአንዱም በወጉ መልስ ስላልሰጠሁ፣ የኖርኩበት ሙያ እየወቀሰኝ እንቅልፍ ቢነሳኝ ይህን ልጽፍልዎ ተነሣሁ። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግኩት እርስዎን ለማሳጣት ፈልጌ አይደለም፤ የታሸገ ደብዳቤ እናንተ ዘንድ ሲገባ እንጂ ሲወጣ ያየ ሰው ስላላገኘሁ፣ ያልታሸገው በሰው አፍ ዞሮም ቢሆን ይደርስዎ ይሆናል ብዬ ነው።

ጉዳዩ ጓሯችንን ይመለከታል። በቤታችን ግድግዳና በመንገዱ አጥር መካከል ወርዱ ሁለት፣ ርዝመቱ ሰባት እርምጃ የሆነ ሲሚንቶ አለ። ባለቤቴ፣ የመብራት መስመር ሠራተኛ የነበረው፣ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከእሱ የቀሩኝ እናቱ ናቸው። አማቴ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል፣ አንደበታቸው ግን ምንም አልሆነም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «የልጄ ሚስት» እንጂ በሌላ ጠርተውኝ አያውቁም፤ ልጃቸው ከሞተ በኋላ ደግሞ መጥራቱንም ተዉት። እኔ ሳሎን ስገባ እሳቸው መኝታ ቤት ይገባሉ፤ ቁርሳቸውን አስቀምጬ ስወጣ ወጥተው ይበላሉ። ሁለት ሴቶች በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ፈረቃ ሠራተኛ ስንተላለፍ ከረምን።

አንድ ቀን ጠዋት ከቅርጫት ውስጥ ያቆጠቆጠ ድንች አንሥቼ ልጥል ስል፣ ከኋላዬ «እሱ እንኳ መኖር እየፈለገ ነው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከስንት ወር በኋላ ከአፋቸው የወጣ የመጀመሪያው ቃል ስለነበር፣ ድንቹን መጣል አቃተኝ። በተቀደደ ጆንያ አፈር ሞልተን ቀበርነው። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠል አወጣ፤ እኛም ወሬ ጀመርን።

ክቡርነትዎ ለልማት ቅርብ ስለሆኑ ዝርዝሩን ቢሰሙት ደስ ይልዎታል። እስካሁን በዚህ ጓሮ ላይ አንዲት ሳንቲም አልወጣም። አፈሩን ከሰፈራችን ጀርባ መሠረት የሚቆፍሩ የቀን ሠራተኞች «ኧረ ውሰዱልን» ብለው ሰጡን። ቲማቲሙ ከበሰበሰ ቲማቲም፣ ቃሪያው ከወጥ ቤታችን፣ ነጭ ሽንኩርቱ ከራሱ ከነጭ ሽንኩርቱ መጣ። ውሃው አትክልት ያጠብንበት ነው፤ ብስባሹ ደግሞ ልጣጭና የእንቁላል ቅርፊት። ዕቃ ሲጎድለን የተሰነጠቀ ሳፋ፣ የሚያፈስ ባልዲ፣ የቀለም ጣሳ አገኘን። ሰላጣው የሚበቅለው መሥሪያ ቤቴ ሊጥለው ሲል በለመንኩት የፋይል መሳቢያ ውስጥ ነው። «ውሳኔ ያላገኙ ጉዳዮች» የሚለው ጽሑፍ እስካሁን አልለቀቀም። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር ከዚያ መሳቢያ ውስጥ አንድ ነገር ሲወጣ ያየሁት ገና አሁን ነው።

ናናውን የተከሉት አማቴ ናቸው። የተከሉትም በልጃቸው የሥራ ቦት ጫማ ውስጥ ነው፤ ሶሉ ስለተከፈተ ውሃውን ጥሩ አድርጎ ያሳልፋል። ሲተክሉ አልጠየቁኝም።

አንድ ቀን ደግሞ ነጭ ሽንኩርቱን ሳጠጣ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ የተከልሽው ነጭ ሽንኩርት ነው እንጂ ዓሣ አይደለም» አሉኝ። ተግሣጹ አልተሰማኝም፤ የሰማሁት የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው። ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ድስት ለሁለተኛ ጊዜ ሳጥብ ቆየሁ።

እንግዲህ በዚህ መካከል ነው የጽሕፈት ቤትዎ እጅ ወደ እኛ የተዘረጋው። ቅሬታ ላለማለት ተጠንቅቄ፣ የተደረገልንን በቁጥር አስቀምጬ አቀርባለሁ።

፩. የመጀመሪያው ደብዳቤዎ ግቢያችን ውስጥ «ያልተፈቀደ አረንጓዴነት» መታየቱን ገልጾ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ፈቃድ እንድናወጣ አሳስቦናል። ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ሳነብ እንዲህ ያለ ቃል ገጥሞኝ ስለማያውቅ፣ ለቋንቋችን ስላደረጉት አስተዋጽኦ አመሰግናለሁ። በነጋታው መጥቼ ለአምስት ሰዓት ተሰለፍኩ። በመስኮቱ ውስጥ ያሉት ሴት ትሑት ናቸው። ቅጹን እያገላበጡ «ለልማቱ የወጣው ወጪ» ከሚለው ላይ ቆሙና ደረሰኝ ጠየቁኝ። ምንም እንዳልገዛሁ ነገርኳቸው። «ወጪ የሌለው ልማት ሲስተሙ አይቀበልም» አሉኝ። ዜሮ ብለው እንዲሞሉልኝ ለመንኳቸው፤ ሞከሩት፣ ዜሮንም አልተቀበለም። ከዚያ በጣም አዝነው፣ ቢያንስ አንድ ማሰሮ አበባ ገዝቼ ብመጣ ቀሪው በእሱ ተጠልሎ ሊገባ እንደሚችል መከሩኝ። ለአማቴ ስነግራቸው «ድንቹን ለገበያ ሸጠን መልሰን ብንገዛውስ» አሉ። የጽሕፈት ቤትዎን አሠራር ከእኔ ቀድመው የገባቸው እሳቸው ናቸው።

፪. ሁለተኛው ደብዳቤዎ ስለ ውበት ነበር። የመትከያ ዕቃዎች ሁሉ አንድ ዓይነት መጠንና ነጭ ቀለም ሊኖራቸው እንደሚገባ፣ የእኛዎቹ ግን «የመንገዱን ገጽታ የሚያደበዝዙ» በመሆናቸው ተቆጥረው እንደሚመዘገቡ ይገልጻል። ስለ መንገዱ ገጽታ ያለዎትን ስስት እናደንቃለን፤ የመንገዱ ጉድጓዶች ግን መጠናቸው የተለያየ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ብጠቁም ድፍረት እንዳይሆንብኝ።

ለቆጠራው የመጡት ጎልማሳ ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ሜትር ከእጃቸው ስለማይለይ ሰፈሩ «ባለ ሜትሩ» ይላቸዋል። ሰውዬው ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው። የቃሪያውን ቁመት ሳይቀር ለኩ። ከዚያ የመዘገቡትን ጮክ ብለው አነበቡልን፦ ሳፋ፣ ስንጥቅ፣ አንድ፤ ባልዲ፣ ቀዳዳ፣ ሁለት፤ መቀመጫ የሌለው ወንበር፣ የአደንጓሬ መወጣጫ፣ አንድ፤ ያረጀ ጫማ፣ ቆሻሻ፣ አንድ ጥንድ።

አማቴ ጆሯቸው የሚከብደው ሲፈልጉ መሆኑን ያን ቀን አረጋገጥኩ። ደረጃው ላይ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ ድምፃቸውንም ከፍ ሳያደርጉ «አንተ ልጅ፣ ቆሻሻ ያልከው የልጄ እግር የነበረበት ነው» አሏቸው።

ባለ ሜትሩ እስክሪብቷቸውን አወጡ፣ የጻፉትን ሰረዙ፣ ከላዩ ሌላ ጻፉ፣ ቅጂውንም ሰጡኝ። «ጫማ፣ አንድ ጥንድ፣ በአገልግሎት ላይ» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ ከወጣው ወረቀት ሁሉ ፍሬም ውስጥ አስገብቼ የሰቀልኩት ይኼን ብቻ ነው። እባክዎ ሰውዬውን ስለዚህ እንዳይቀጧቸው፤ ቢሻል ያሳድጓቸው።

፫. ሦስተኛው ደብዳቤዎ ጓሮው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መኪና ተልኮ እንደሚነሣ ይገልጻል። ሰኞን ሙሉ አማቴ አልተናገሩም። ያ የድሮው ዝምታ ተመልሶ መጣ ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር ከመኪናዎ ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነበር፤ ጓሮው ሲሄድ እኛም ወደየክፍላችን ልንመለስ ነው አልኩ። በማግስቱ ማለዳ ከእንቅልፌ ስነሣ ግን በሩ ተከፍቷል፣ የአማቴ አልጋ ባዶ ነው፣ ከጓሮውም ሁለቱ ባልዲዎች የሉም።

ልጃቸው ከተቀበረ ወዲህ ከግቢው ወጥተው የማያውቁት ሴትዮ አንድ ባልዲ ቲማቲም ታቅፈው ፀጉር አስተካካዩ ቤት በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሰውዬውን ከእንቅልፉ ቀስቅሰው «አደራ ነው፣ በቀን አንዴ ብቻ አጠጣው፣ ደግሞ እንደ ደንበኛህ እንዳትላጨው» ሲሉት ሰማሁ። ዞረው ሲያዩኝ «ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ሳፋውን አምጪ እንጂ» አሉኝ። እኔ ሳፋውን ከነጎመኑ ይዤ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄድኩ። እሷም ምንም ሳትጠይቀኝ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ቦታ ለቀቀችልን። አናጢው መሳቢያውን ብቻውን ተሸክሞ ወሰደ። ከዚያ በኋላ እኛ መዞር አላስፈለገንም፤ ሰው ራሱ እየመጣ «ለእኔስ የቱ ደረሰኝ?» ይል ጀመር። የመጨረሻውን ጣሳ የወሰደችው የመንታዎች እናት ዘግይታ በመምጣቷ የደረሳት ያልበቀለ ቃሪያ ብቻ ስለነበር እስካሁን ታኩርፈናለች።

በሦስት ሰዓት መኪናዎ ባለ ሜትሩንና ስድስት ሰው ጭኖ ደረሰ። ሰዓት አክባሪነትዎን አደንቃለሁ። ግቢው ውስጥ የቀረው መቀመጫ የሌለው ወንበርና ደረጃው ላይ የተቀመጡት አማቴ ነበሩ፤ ቦት ጫማዎቹ ግራና ቀኛቸው ተቀምጠዋል። ትእዛዙ የተጻፈው በእኛ ቤት ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ በልብስ ሰፊዋ መስኮት የሚታየውን የእኛን ጎመን ማንሣት አልተቻለም። ባለ ሜትሩ ወረቀታቸውን አዩ፣ ጫማዎቹን አዩ፣ ከዚያም «በአገልግሎት ላይ ያለ ንብረት አይነሣም» ብለው ለስድስቱ ሰዎች አስረዱ። ስድስቱ ሰዎች አንዱን ወንበር በጥንቃቄ ጭነው ሄዱ። ባለ ሜትሩ ወደኋላ ቀሩና፣ አንድ ዘለላ ናና ቢሰጧቸው ለሚስታቸው እንደሚወስዱላት ለአማቴ በጆሯቸው ነገሯቸው። አማቴ ከቀኙ ጫማ ቆርጠው ሰጧቸው።

ከዚያ የሆነውን ጽሕፈት ቤትዎ ያውቀዋል ብዬ አልገምትም፤ አረንጓዴ ነገር ስለሆነ። አደራ ከወሰደው ሰው አንድም አልመለሰም። ፀጉር አስተካካዩ ቲማቲሙ ከእኛ ዘንድ ከነበረው ይልቅ እሱ ዘንድ እንደወፈረ ይናገራል፤ ከቲማቲሙ ዘር አውጥቶም ለጎረቤቱ ሰጥቷል። ልብስ ሰፊዋ በተጣሉ ጆንያዎች የግድግዳ ኪስ ሰፍታ ሰላጣ ተክላባቸዋለች። አናጢው ከወዳደቀ ጣውላ ሣጥን እየሠራ ላጣ ያድላል። አሁን በመንገዳችን በሃያ ሦስት ቤት አንድ ነገር እየበቀለ ነው፤ ደረሰኝ ያለው አንድም የለም። አማቴ በየጠዋቱ ከዘራቸውን ይዘው በየቤቱ እየዞሩ ይቆጣጠራሉ፤ ያልጠጣውን ያስጠጣሉ፣ የሰነፈውን ይገሥጻሉ። መኪናና ሾፌር ሳይኖራቸው ይህን መሥራታቸው ለሙያው ክብር እንደማይመጥን ነግሬያቸው ነበር፤ አልሰሙኝም። ማታ ተመልሰው ሲመጡ የማንን ቃሪያ ምን እንደነካው እየነገሩኝ ራታችንን አብረን እንበላለን።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ይህ ሁሉ ከጽሕፈት ቤትዎ እንደመጣ አምኜ ምስጋናዬን ሳቀርብ አላፍርም። መኪናውን ባይልኩ ኖሮ ጓሯችን እስከ ዛሬ ሁለት በሰባት እርምጃ ሆኖ በቀረ ነበር። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ እባክዎ ደብዳቤ መላኩን እንዳያቋርጡ። ወረቀታችሁ ወፍራም ስለሆነ ተጠቅልሎ የችግኝ ኩባያ ሲሠራ ውሃ ቶሎ አያፈርሰውም። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ በተለይ አራት ጎመን አብቅሏል። ዘንድሮ በሰፈሩ ቆስጣ ልንጀምር ስላሰብን፣ ቢቻል አባሪ ያላቸውን ቢልኩልን እንመርጣለን።

የጽሕፈት ቤትዎ ዕድሜ እንዲረዝም፣ የማኅተምዎ ቀለም እንዳይደርቅ፣ ከወንበርዎ ጀርባ ያለው ደን ሳይጨፈጨፍ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከልብ በሆነ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ያለፈቃድ የለመለመው ጓሮ ባለቤት፣
የቀድሞ መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የአማቴም ልጅ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል፣ ጽሕፈት ቤትዎ «ያለምንም ወጪ የጓሮ አትክልት ማልማት» በሚል ርዕስ ሥልጠና ሊሰጥ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ በመንገዳችን ምሰሶ ላይ ተለጠፈ። በማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ የእኛ ጓሮ ነው፤ በቆጠራው ቀን ለማስረጃ ተብሎ የተነሣ መሆን አለበት። አማቴ ጥግ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ይታያሉ። ቅር ያላቸው ነገር ቢኖር የክት ልብሳቸውን እንዲለብሱ አስቀድሞ አለመነገሩ ብቻ ነው። ስማቸውን አስመዝግበዋል፤ በፊተኛው ወንበር ተቀምጠው ለመጠየቅም ተዘጋጅተዋል። እስከዚያው የሚቀርቡት በሠልጣኝነት ይሁን በማስረጃነት በወፍራም ወረቀት ቢያሳውቁን።