ምሳ ያለበት ደረጃ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6
ደረጃ ሦስት። ማለትም ምንም የለም። በአደጋ ማስተባበሪያው ክፍል እኔ፣ ራዲዮው እና ያ ትልቅ ጠረጴዛ ብቻ። እህቴ ደወለች። "እሁድ ብትቀር ወየውልህ!" ሙሽራ ሆናም ማስፈራራት አልተወች። አባታችን የለም፤ እጇን ይዤ የማስገባት እኔ ነኝ። እንዴት እቀራለሁ?

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7
ወንዙ ሞላ። ደረጃ ሁለት! ከእሳት አደጋ፣ ከመብራት፣ ከመንገድ፣ ከጤና አንዳንድ ተወካይ ሰደርያውን ለብሶ መጣ። በደረጃ ሁለት ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ምሳ ግን አለ፣ በመንግሥት ወጪ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8
ወንዙ ጎደለ። እሰይ! ደረጃው የሚወርደው ግን ሁሉም ተወካዮች እጅ ሲያወጡ ነው። "እናውርድ?" አልኩ። ጢሞ፣ የእሳት አደጋው፣ ጣራ ጣራውን አየ። የመብራቱ ሰውዬ፣ "ደመናውን አላመንኩትም" አለ። ወዲያው የምሳው ጋሪ ገባ። የተጠበሰ ዶሮ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ይኼኛው ደግሞ በጠራራ ፀሐይ...

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9
ፀሐዩ አናት ይበሳል። "እናውርድ?" የጤናዋ፣ "ሰው በፀሐይም ይታመማል" አለች። አፏ ሙሉ ነበር። የመንገዱ ሰውዬ ከቤቱ ምሳ ዕቃ ይዞ መጥቷል። ለልጆቹ ሊቋጥር! እህቴ ደወለችና አለቀሰች። ምን ባደርግ ይሻላል?

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10
ለካ መፍትሔው ደንቡ ውስጥ ነው! ደረጃ አንድ ከሆነ በተወካዮቹ ፋንታ አለቆቹ ራሳቸው መምጣት አለባቸው። ከምሳ በፊት ተነሣሁ። "እንዲህ ካሰጋችሁ ወደ ደረጃ አንድ እናሳድገዋ። ለአለቆቻችሁ ልደውል?" ስልኩን አነሣሁ።
"ኧረ ቆይ ወንድሜ!" ጢሞ ዘሎ ተነሣ። "የምን አደጋ? ወንዙ እኮ ቁርጭምጭሚት አይደርስም!"
ሁሉም እጅ አወጣ። የጤናዋማ ሁለቱንም።
ከዚያ ምሳ ሳይበሉ ወጡ... አንገታቸውን ደፍተው። አሳዘኑኝ። የሕንፃው ደረጃ ላይ ተከትዬ ሮጥኩና ለእሁድ ጠራኋቸው። ምን ነካኝ?

እሁድ፣ ሚያዝያ 12
እጇን ይዤ አስገባኋት። እኔ አለቀስኩ፣ እሷ ሳቀችብኝ።
እነሱም መጡ፣ ከነሰደርያቸው። ልክ እንደ ቢሮ በተራቸው ተቀመጡ። ምሳ ሊቀርብ ሲል ዶፉ ወረደ። ድንኳኑ ውሃ ቋጥሮ ሊወድቅብን ነው! አፌን ሳልከፍት ጢሞ ምሰሶውን ታቅፏል። የመብራቱ ሰውዬ የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቅሏል። የመንገዱ በአካፋ ቦይ ይቆፍራል፣ የጤናዋ አሮጊቶቹን ደግፋ ወደ ቤት ታስገባለች። እጅ ያወጣ የለም፣ ስብሰባ የለም። ለካ ሲፈልጉ ይችሉበታል! እውነቴን ነው፣ ኮራሁባቸው።
ዝናቡ አባራ፣ ተበላ፣ ተጨፈረ። እንግዳው ሁሉ ተሰናብቶ ሄደ። እነሱ ግን ንቅንቅ የለም።
እናቴ ጠጋ ብላ፣ "ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚሄዱት?" አለችኝ።
ድስቱን ከፈት አድርጌ አየሁ። ገና ግማሽ ነው።
"ደረጃው ሲወርድ፣ እማዬ።"