አጥሩ ሥር ያለው መዝጊያ

ሐሙስ፣ የካቲት 19

የጉድጓዱ ፓምፕ ማንም ቧንቧ ሳይከፍት በየደቂቃው ይነሳል፣ ይጠፋል። አውቶማቲክ ማብሪያውን ቀየርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። የቧንቧ ሠራተኛው በስልክ «የሆነ ቦታ ውሃ ያፈሳል፤ መስመሮቹን አንድ በአንድ ዝጋ» አለኝ።

ከቡናዎቹ ጀርባ፣ አጥሩ ሥር፣ የማላውቀው የዛገ የውሃ መዝጊያ አገኘሁ። ስዘጋው ፓምፑ ጸጥ አለ። ብቻዬን ፎከርኩ።

አስር ሰዓት ገደማ አዛን እንደተሰማ ጎረቤታችን አባ ተማም ባዶ የውዱእ ማንቆርቆሪያ ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ አባትህ በሕይወት ሳለ በአጥሩ ሥር የዘረጋልኝ ውሃ ዛሬ ቀጥ አለ። ፓምፓችሁ ተበላሸ እንዴ?»

«አዎ፣ ተበላሽቷል» አልኳቸው። ለምን እንደዋሸሁ እንጃ።

«አላህ ያስተካክልላችሁ፤ ዱዓ አደርጋለሁ» አሉና ግቢያችን ካለው በርሜል ቀድተው ሄዱ።

ወዲያው መዝጊያውን መልሼ ከፈትኩት። የሚያፈሰው የእሳቸው መስመር ኖሯል፤ ቧንቧዎ ያንጠባጥባልና ላጥብቅልዎ ብላቸው፣ ውሃ መስጠቱ ከብዷቸዋል ብለው ዳግመኛ አይከፍቱትም፤ አውቃቸዋለሁ። ዝም ካልኩ ደግሞ ሞተሩ ይቃጠላል።

ይኸው ተነሳ። ጠፋ። አባ ተማም ማዶ ሆነው ዱዓዬ ሰመረ እያሉ ይሆናል። ደግሞ ተነሳ።