ለላይኛው ፎቅ የተፈቀደ፣ ለምድር ቤቱ የተከለከለ

ለክቡር ዶክተር ፊሊፕ ብሮክዌይ፣
የዩኒቨርሲቲያችን የተማሪዎች ዲን፣
ኮልድ ፎርክ፣ ሞንታና

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? የዘንድሮው ብርድ እንዳልጎዳዎ፣ የቢሮዎም ማሞቂያ እንደ ወትሮው በሚገባ እየሠራ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ማረን ቶለፍስረድ የደን ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከግቢው አጥር ሦስት መንገድ ርቆ ባለው የአቶ ኦስካር ሊንድኲስት ቤት ምድር ቤቱን ተከራይቼ እኖራለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ምስጋናዬን አንድ ፖስታ አልችለው ስላለ ነው።

አንደኛ፦ ስለ ደኅንነቴ ስለተጨነቁልኝ አመሰግናለሁ። የአደን ወቅት ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከጓሯችን ተኩስ ተሰማ ተብሎ የመሥሪያ ቤትዎ ተቆጣጣሪ አቶ ግሌን አሽቢ መጡ። አቶ ሊንድኲስትም የጋዝ ሠራተኛ መስለዋቸው የእኔን በር ከፈቱላቸው። ከትምህርት ስመለስ፣ ጥይት ሳይጎርስ በተቆለፈ የብረት ሳጥን አልጋዬ ሥር ያስቀመጥኩት የአባቴ ጠመንጃ ከነሳጥኑ በእጃቸው ነበር።

«ይሄ እኮ ግቢ አይደለም፤ የተከራየሁት የሰው ቤት ነው» አልኳቸው።

«ተማሪ ነሽ አይደል? ጠመንጃ የሚከለክለው ደንብ ተማሪውን ይከተላል» አሉኝ። እኔ ባለሁበት ሁሉ አብሮኝ የሚሄድ እንዲህ ያለ ታማኝ ነገር እንዳለኝ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ፦ ስለ ቅናቴ ነው። ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ተከር ሃልዴን ይኖራል። የኳስ ቡድናችን ምልክት የሆነውን የጥንት አዳኝ ልብስ ለብሶ፣ ነጥብ በተቆጠረ ቁጥር ባሩድ የሚተኩሰው እሱ ነው። ያ ባሩድ የሚጎርስ ጠመንጃ በመሥሪያ ቤትዎ የጽሑፍ ፈቃድ በሩን ተደግፎ ይቆማል። በዚያ ቀን ጓሮ ወጥቶ ሲለማመድ ሰፈሩን ያስደነገጠውም እሱ ነበር። አቶ አሽቢ የእኔን ሳጥን መኪናቸው ውስጥ ካስገቡ በኋላ ወደ ላይ ወጡ። ድምፃቸው እስከ ታች ይሰማ ነበር፦ «ልጄ አያምነኝም! እስቲ ጠመንጃውን ይዘህ ቁምልኝ፣ አንድ ፎቶ!»

ክቡር ሆይ፣ አልደብቅዎትም፤ ቅናት አንገብግቦኛል። ባለፈው ጸደይ ለዚያ ቦታ እኔም ተወዳድሬ ነበር። ከእሱ ቀድሜ አጉርሼ፣ ከእሱ ቀድሜ ተኮስኩ። ዳኞቹ ግን፣ «ጎበዝ ነሽ፤ ችግሩ ጺም የለሽም» አሉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሕዝቡ ስሙን ሲጠራ ጆሮዬን እደፍናለሁ። ጠመንጃዬ የተወሰደ ዕለትማ ጺሙ አንድ በአንድ እንዲረግፍ ተመኘሁ።

ሦስተኛ፦ አባቴ ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ተደርጎ ስለተኛ ዘንድሮ በእሱ ፈንታ አድኜ ለቤቱ የክረምት ሥጋ የማስገባው እኔ ነበርኩ። ያንን ጠመንጃ ለሰው አውሶ አያውቅም። የሆነውን በስልክ ስነግረው፣ «በይ እንግዲህ፣ ዘንድሮ ዶሮ እንበላለን» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አራተኛም ነበረኝ፤ ተናድጄ ስለጻፍኩት ቀደድኩት።

ጉዳዩን እንዲሰማ ያቋቋሙት ኮሚቴ ፊት ቀርቤ የኪራይ ውሌን አነበብኩ። ተዋዋዮቹ እኔና አቶ ሊንድኲስት ብቻ ነን፤ የዩኒቨርሲቲው ስም በአንዱም ገጽ የለም። ይህን ብዬ ስቀመጥ ተከር ሳይጠራ ተነሣ። «የተኮስኩት እኔ ነኝ። እሷ ምንም አላደረገችም» አለ። በተመኘሁት ነገር አፈርኩ፤ ቅናቴም እዚያው ሊሞት አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር። ነገር ግን ሰብሳቢው፣ «እንዲህ ያለ ሐቀኛ ወጣት!» ብለው አጨበጨቡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። በሳምንቱ በክቡርነትዎ ፊርማ የሐቀኝነት የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ቅናቴን ከሞት ስላስነሡልኝ አመሰግናለሁ።

ለእኔም ፍርድ አልጎደለብኝም። ኮሚቴው የራሱን ደንብ እስከ መጨረሻው ሲያነበው፣ ለካ የሚሠራው በዩኒቨርሲቲው ይዞታ ላይ ብቻ ኖሯል! የአደን ወቅት እሑድ ተዘጋ፤ ጠመንጃዬ ሰኞ ጠዋት ተመለሰልኝ። ያኔ በጽሑፍ የተሰጠኝ ማስጠንቀቂያ ግን አንዴ ፋይሌ ውስጥ የገባ ወረቀት ማውጣት አስቸጋሪ ስለሆነ ባለበት እንደሚቆይ ጸሐፊዎ በትሕትና አስረድተውኛል። ወረቀት ለማውጣት እንዲህ የሚቸገር መሥሪያ ቤት ከተቆለፈ ቤት ሳጥን ለማውጣት ምንም አለመቸገሩን ሳስብ አድናቆቴ ወሰን ያጣል።

ከአጥርዎ ውጭ ሆና የእጅዎን ርዝመት በአክብሮት የምትለካ፣ ዕድሜና ብርታት የምትመኝልዎ ታዛዥዎ፣

ማረን ቶለፍስረድ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ዓርብ ለለጋሾች ባዘጋጁት እራት ላይ ሳሕን ሲያነሡ ከነበሩት አስተናጋጆች አንዷ እኔ ነበርኩ። አንድ ለጋሽ ያመጡትን የአጋዘን ጥብስ ክቡርነትዎ ሁለት ጊዜ አስጨምረዋል። አጋዘኑ በምን እንደተገደለ ግን ማንም ሲጠይቅ አልሰማሁም።