የድሮው ፍሬን

እሁድ፣ ሐምሌ 20 ቀን

ለውድ ባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ፀጉር ቤቱም ደህና ነው። የመኝታ ቤታችን ጣሪያ ግን አሁንም ያንጠባጥባል። አልጋውን ወደ መስኮቱ ብስበው ጠብታው ተከትሎኝ መጣ፤ አሁን ትልቁን ድስት አቅፌ ነው የምተኛው።

ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ እህትሽ ቤት የሄድሽ ዕለት በሩ ላይ ቆመሽ፣ «ለመሆኑ ይሄ ሁሉ የብስክሌት ዕቃ የወጣበትን ያህል ይጠቅማል?» ብለሽኝ ነበር። ሳልመልስልሽ ቀረሁ፤ ሁሉን ነገር መመዘን ልማድ ሆኖብኝ ሻንጣሽ ስንት ኪሎ እንደሚሆን እየገመትኩ ነበር። ይኸው አሁን በተግባር ፈትኜ መልሱን እጽፍልሻለሁ።

ለጣሪያው ማሳደሻ ባስቀመጥነው ገንዘብ የገዛሁት የፊት አሞርዛተር ይጠቅማል። እህትሽ ሰፈር መግቢያ ላይ ያለውን ድንጋያማ መንገድ ታውቂው የለ? ድሮ ጥርሴን ያንገጫግጨው ነበር፤ አሁን ፍራሽ ላይ የምሄድ ነው የሚመስለኝ። እዚያ የሄድኩት ለሙከራ ነው፤ ሌላ እንዳይመስልሽ።

ካምቢዮውም ይጠቅማል። ወደ እህትሽ ቤት የሚወስደውን ዳገት ከዳቦ ቤቱ ጀምሬ አንዴም ሳልወርድ ወጣሁት። ዘንቢል ያንጠለጠሉ አንዲት አሮጊት በእግራቸው ቀድመውኛል፤ «አይዞህ ልጄ» ብለውኝ አለፉ። እኔ ግን አልወረድኩም።

ነገሩ የተበላሸው ፍሬኑ ላይ ነው። አዲሱ ፍሬን በሁለት ጣት ነካ ሲያደርጉት ኮሽ ሳይል ቀጥ ይላል። በየቅዳሜው እህትሽ በር ላይ ቀጥ እላለሁ። የስፌት መኪናሽ ድምፅ በመስኮት ይሰማኛል። የድሮው ፍሬን ቢሆን ጩኸቱ መንደሩን ያስወጣ ነበር፤ አንቺም «ይሄ ቅሌታም መጣ» ብለሽ ብቅ ትዪ ነበር። አሁን ማንም አይሰማኝም። ለምን አታንኳኳም እንዳትዪኝ፤ በሩ ጋ ስደርስ እጄ ይከብደኛል፣ ለዚያ የሚሆን ዕቃ ደግሞ ገበያ ላይ የለም። ቆሜ ቆሜ እመለሳለሁ።

ትናንት እህትሽ ቆሻሻ ልትደፋ ወጥታ እጅ ከፍንጅ ያዘችኝ።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«ፍሬን እየሞከርኩ ነው።»

«ወር ሙሉ? እሺ፣ እመለሳለሁ ብትልህስ በምን ልትወስዳት ነው? መሪው ላይ ሰቅለህ?»

እንዳትነግርሽ ለምኛታለሁ፤ ከነገረችሽ ይህን ክፍል ዝለዪው።

ከዚያው በቀጥታ ወደ ብስክሌት ጠጋኙ ወረድኩና ከኋላ የሰው መቀመጫ ግጠምልኝ አልኩት። ጆሮውን አላመነም። «ጋሼ፣ ይሄን ብስክሌት ለማቅለል ስንት ዓመት ለፋን፤ ይሄ ብረት ብቻውን ድካማችንን ሁሉ ገደል ይከተዋል» አለኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ እኔም ግራም ስቀንስ ሚስቴን እንዳጣሁ ነገርኩት። መፍቻውን አነሳ። የመቀመጫውን ስፖንጅ በቁርጥራጭ ጨርቆችሽ እኔው አለበስኩት። ስፌቱን ስታዪ ብትስቂ አልቀየምም።

የጣሪያ ሠራተኛው ማክሰኞ ይመጣል። ለመኪና እንጂ ለብስክሌት የማይገባ ዋጋ የተጠራበትን መሪ ልገዛ ያስቀመጥኩትን ለእሱ ሰጥቻለሁ። ቤቱ ያላንቺ ወና ሆኖብኛል። ናፍቀሽኛል፤ ይኸው አልኩት።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ከፈቀድሽ ሜዳውን ከኋላዬ ትቀመጪያለሽ፤ ቁልቁለቱን ግን አብረን በእግራችን እንወርዳለን፣ ብስክሌቱ አያስተማምንም። እስከዚያው ጤናሽን ይስጥሽ፣ ጣትሽን መርፌ አይንካው። ለእህትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ቆሻሻውንም ቅዳሜ እኔ እደፋላታለሁ።

ጠጋኙ ተቀይሞኛል፤ አዲሱን ፍሬን አስፈትቼ የድሮውን አስገጥሜዋለሁና። ስመጣ ትሰሚኛለሽ። ብቅ በዪ።

ያንቺው ፀጉር አስተካካይ