የወይዘሮ ጣቢታ ፋሻ

ሞርሲቶ፣ ሐምሌ 1980

ውድ ገነቴ፣

ካርዱ ላይ የምታዪው ሐይቅ እዚህ የለም፤ ሆሳዕና ያገኘሁት ካርድ ይኸው ብቻ ነው። እዚህ ያለው ዝናብና ጭቃ ነው።

ትናንት ከግንባር ቆስሎ የተመለሰ ልጅ ቁስል ሳጥብ እናቱ ወይዘሮ ጣቢታ፣ «ይሄ መግል ከየት ነው የሚመጣው?» አሉኝ። ነጭ የደም ሴሎች ቁስሉ አጠገብ ሲደርሱ ቀስ ብለው የደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ይጣበቃሉ፤ ከዚያ ሰውነታቸውን አቅጥነው በጠባብ ክፍተት ሾልከው ይወጡና ጀርሙን ይገጥማሉ አልኳቸው።

«ከዚያስ ይመለሳሉ?»

«አይመለሱም፣ እናቴ። እዚያው ይሞታሉ። መግሉ አብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው።»

እጃቸውን ባልዲው ውስጥ ከተው የጣልኩትን ፋሻ አወጡ። «የታላቅ ወንድሙን ሬሳ አላመጡልኝም። ይሄን እንኳ ልቅበር» ብለው ከክሊኒኩ ጀርባ፣ እንሰቱ ሥር ቀበሩት። አንቺና እኔ አዲስ አበባ ሆስፒታል ሳለን ስንት ባልዲ ፋሻ ዞር ብለን ሳናየው አቃጥለናል! ዛሬም ቁስሉን ላጥብ ስመጣ ዶማቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

ቦታ አለቀብኝ። ሙሉንና ልጆቿን ሳሚልኝ። ወንድምሽ ከግንባር ጻፈ ወይ? ይህን ካርድ ለእናትሽ አታንብቢላቸው።

ያንቺው ውቢት