ካሜራውን ከማዞሬ በፊት

ሚያዝያ 16 ቀን 2009፣ ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

እስካሁን አምስት የቪዲዮ ጥሪ። ሦስቱ ከሐርጌሳ፣ አንዱ ከጎዴ፣ አንዱ ተሳስቶ የደወለ። ክንዴ ዛለ። እኔ ስልኩን ከፍ አድርጌ እይዛለሁ፣ አብራኝ የምትሠራው ኢፍራህ ጨርቁን ለሚደውሉት ገዢዎች ትዘረጋለች፣ ኢዶ ሆዳን ዋጋ ትከራከራለች። ኢዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ አክስቴ ግን አይደለችም፣ የሱቁ ባለቤት ናት። ከአሁን በኋላ ኢ.ሆ. ብዬ እጽፍልሻለሁ ደብተሬ፣ እጄ ደክሟል።

ረመዳን ሳይገባ ሰርግ ይበዛል። ሙሽሮቹ ሱቁ ውስጥ ካለው መጋረጃ ጀርባ ሻሻቸውን አውልቀው ድራዕ ይለካሉ፣ ያን ሰፊና ስስ ቀሚስ። ስለዚህ ሕግ አለን። ካሜራውን ወደ ሱቁ ከማዞሬ በፊት ጮክ ብዬ «ካሜራ!» እላለሁ። ኢፍራህ መጋረጃውን ትዘጋለች። ከዚያ አዞራለሁ።

ቀላል ይመስላል። ለኔ አይደለም። ሰው ባለበት ድምፄን ከፍ ማድረግ አልችልም። ከስምንተኛ ክፍል ት/ቤት ያቆምኩት አባባ ታሞ ነው። እውነቱን ልንገርሽ ግን፣ ተነስተሽ አንብቢ የሚለኝ ስለቀረ ትንሽ ደስ ብሎኝም ነበር።

ኢ.ሆ. ዛሬም ሳቀችብኝ። «አንቺ ልጅ፣ ለጉንዳን ነው እንዴ የምትነግሪው? አጠገብሽ ቆሜ እንኳ አልሰማሁሽም!» ኢፍራህም ሳቀች። እሷ ግን ስትስቅ ክንዴን ያዝ አድርጋ ነው።

ሚያዝያ 18፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ቶሎ ልጻፈው።

ከሐርጌሳ ጨርቅ የምትገዛን አንዲት ነጋዴ ደወለች። ሁልጊዜ ብቻዋን ናት። ቢጫውን አሳዩኝ አለች። ቢጫው ጣቃ ያለው መጋረጃው አጠገብ ነው። «ካሜራ» አልኩ። ከንፈሬ መንቀሳቀሱን አውቃለሁ። አዞርኩ።

መጋረጃው ግማሹ ክፍት ነው። ሂቦ ቆማለች፣ ሰርጓ የሚቀጥለው ሳምንት የሆነው ልጅ። ፀጉሯን ለቃ። ስሱን ድራዕ ብቻ ለብሳ፣ ከስሩ ምንም ሳትደርብ። ጀርባዋን በመስታወት ለማየት ትዞራለች።

ስልኩ ውስጥ ደግሞ ነጋዴዋ ብቻዋን አልነበረችም። ከጎኗ ሰውዬ አለ፣ ትራስ ተደግፎ። ቀና ብሎ አየ። ወዲያው ኔትወርኩ ቆመና ፊቱ እንደዚያው ደርቆ ቀረ፣ አፉ ከፈት ብሎ።

ዘጋሁት። ኔትወርክ ጠፋ አልኩ። ሁሉም አመኑኝ። ኔትወርክ ጠፋ ሲባል የሚጠራጠር የለም።

ሂቦ ምንም አላወቀችም። እየሳቀች ጠቅልላ ሄደች። ስትወጣ ሳመችኝ፣ «ከሰርጌ እንዳትቀሪ» አለችኝ።

ሚያዝያ 19፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡30

እህል አልወርድ አለኝ። እማዬ ምን ሆነሻል ትላለች። ምንም።

እኔ ቤተ ክርስቲያን ካልሄድኩ ፀጉሬን አልሸፍንም። ፀጉር ነው፣ ምን አለው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። አልሆነም። እዚሁ ጅጅጋ ተወልጄ እዚሁ ያደግኩ ነኝ፤ ምን እንዳለው አውቃለሁ። ፀጉሯ ብቻም አልነበረም።

ሰውየው ቢያውቃትስ? ስክሪኑን ፎቶ አንስቶት ከሆነስ? የሙሽራው ወገን ሐርጌሳ ዘመድ አለው። ሐርጌሳ ዘመድ የሌለው ማን አለ።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ነጋዴዋ ናት ብዬ ልሰጋ ነው።

ሚያዝያ 20፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ወጣ። ነጋዴዋ ከጁምዓ በኋላ ደወለች፣ በቪዲዮ ሳይሆን እንዲሁ በድምፅ። «ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ የሰው ልጅ ራቁቷን አሳያችሁት፣ አፍሮ ተነስቶ ወጣ» ብላ ተቆጣች። ልጅቷ ማን እንደሆነች ሰውየው አላወቀም። ፎቶም የለም። እፎይ አልኩ።

እፎይታዬ አልቆየም። ኢ.ሆ. ስልኩን አስቀመጠች። ወደኔ አልዞረችም። ወደ ኢፍራህ ዞረች። መጋረጃው የኢፍራህ ሥራ ነው። በደንበኞች ፊት በሶማሊኛ ጮኸችባት፣ ከዚያ ወደኔ እየጠቆመች በአማርኛ። «ይቺ ልጅ ሳትናገር አዙራ አታውቅም! ካሜራ ብላለች። ያንቺ ጆሮ የት ሄዶ ነበር?»

ኢፍራህ አየችኝ። «ብለሽ ነበር?» አለች። ቁጣ አልነበረባትም፣ ልታውቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ።

ጨርቅ ማጠፍ ጀመርኩ። የታጠፈ ጨርቅ ፈትቼ እንደገና አጠፍኩ።

ነገ ዕቃሽን ውሰጂ ተባለች። እናቷ ያሉት ሩቅ ነው፣ ሀርሺን፤ እዚህ ያቆያት ይሄ ሥራ ነው። ትመለሳለች ማለት ነው። በኔ ዝምታ።

ሚያዝያ 21፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 12፡15

ለኢ.ሆ. በጽሑፍ ልላክላት ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። ኢፍራህ የተሰደበችው በሰው ፊት ነው። እኔ ስልክ ውስጥ ተደብቄ ባስተካክለው አይስተካከልም።

ብታባርረኝስ? የአባባ መድኃኒትስ? ለሂቦስ ይነገራት ወይስ ይቅር? ይሄን ለብቻዬ መወሰን አልችልም፣ ኢ.ሆ.ን እጠይቃታለሁ፣ ካናገረችኝ። የምናገረውን ግን አውቄዋለሁ። አልጮኽኩም። ኢፍራህ ያልሰማችው ስላልጮኽኩ ነው። በቃ።

ያው ቅዳሜ፣ ጠዋት 2፡10

ሱቁ በር ላይ ነኝ። ኢ.ሆ. ገና አልመጣችም። ኢፍራህ ግን መጥታለች፣ ባዶ ፌስታል ይዛ። ደረጃው ላይ ከጎኔ ተቀመጠች።

ኢ.ሆ.ን ልጠብቅ ነበር ያሰብኩት። ለምን? የጠየቀችኝ እኮ ኢፍራህ ናት፣ ጥያቄዋን ሳልመልስ አደርኩ። መጀመሪያ ለሷ ነው የሚነገረው። አሁን፣ ማንም ሳይመጣ። ደብተሬ፣ ልዝጋሽና ልንገራት።